ወሩ ሳያልቅ የሚያልቅ የምግብ ገንዘብ፦ የአንዲት የዶርም ተማሪ ጉዳይ

ይህ የአንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጉዳይ ነው። ስሟንም የምትማርበትንም አልጽፍም፤ እንዲጻፍ የፈቀደችው በዚህ ስምምነት ነው። የምትኖረው ዶርም ነው። ከቤተሰቧ በወር አንድ ጊዜ ገንዘብ ይላክላታል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኪሷ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ከዶርም ልጆች እየተበደረች፣ አንዳንዴ በደረቅ ዳቦ፣ አንዳንዴም ጦሟን እያደረች ትገፋቸው ነበር።

ተማሪዎችን ስለ ገንዘብ አያያዝ ስለማማክር እንዲህ ያለ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣብኛል። የእሷን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። ይህች ልጅ በጀት ነበራት። ደብተር ገዝታ፣ ገጹን በመስመር ከፋፍላ፣ ይሄ ለምግብ፣ ይሄ ለትራንስፖርት፣ ይሄ ለስልክ፣ ይሄ ለኮፒ፣ ይሄ ለመዝናኛ ብላ ጽፋለች። ያየ ሁሉ «በጀት አውጪ፣ አታባክኚ» ይላታል። በጀቱን አውጥታለች፤ አታባክንም። ግን በየወሩ ያው ነው። ችግሩ ግድየለሽነት ቢሆን ኖሮ ደብተሩ ራሱ አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረብን።

ኑሮዋ ምን ይመስላል

የምግብ ክፍያዋ ሴሚስተሩ ሲጀመር አብሮ ይከፈላል። በዚያ ክፍያ የምግብ ካርድ ታገኛለች። ካርዱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቁርስ፣ ምሳና እራት ያበላታል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ምሳ ብቻ ነው። አንድ ቀን ያልበላችው ምግብ ወደ ሌላ ቀን አይዞርላትም። ካርዱ የሚሠራበት ካፌ የሚዘጋው በጊዜ ነው። እሷ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ላብ (የቤተ ሙከራ ትምህርት) አላት፣ ጨርሳ ስትወጣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል።

ክፍሉን የሚጋሩት አራት ሆነው ነው። ክፍል ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው። ይህን ክልከላ እደግፋለሁ፤ ምድጃ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ ገመዱ ይግላል፣ አራት አልጋና ያን ያህል ብርድ ልብስ ባለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ አደጋው ትልቅ ነው። ለፎቁ በሙሉ አንድ የጋራ ኩሽና አለ። አንድ ምድጃ፣ አንድ ማይክሮዌቭ፣ አንድ ፍሪጅ። ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጡት ነገር ባለቤቱ ሳይደርስበት ሊጠፋ እንደሚችል ዶርም የኖረ ሁሉ ያውቃል።

ደብተሩ ያላሳየው

ደብተሩን ገልጬ ሳየው መጀመሪያ ግራ ገባኝ። የምግብ መስመሩ ከተመደበለት ብዙም አላለፈም። የወሩን ገንዘብ ለ30 ቀን አካፍላለች፣ በየቀኑ ለምግብ ያወጣችውን ጽፋለች፣ ሂሳቡም ልክ ነው። ያለፈው «መዝናኛ» እና «ልዩ ልዩ» የሚሉት ናቸው። እሷም ራሷን የምትወቅሰው በእነዚህ ነበር፤ «መዝናናት አበዛሁ» ትላለች። አንድ በአንድ ስንጠይቃቸው ግን መዝናኛ የተባለው አብዛኛው እራት ሆኖ ተገኘ። ከላብ በኋላ ከልጆቹ ጋር ወጥታ የበላችውን፣ ከሰው ጋር ስለበላችው፣ መዝናኛ ብላ ነው የጻፈችው። ጠዋት ቁርስ አልፏት በእረፍት ሰዓት የገዛችው ብስኩትና ጁስ ደግሞ ልዩ ልዩ ውስጥ ገብቷል።

ሰው ገንዘቡን በሐሳቡ ውስጥ በተለያየ ኪስ እንደሚያስቀምጥ፣ አንዱ ኪስ ሲያልቅ ሌላው እንዳልተነካ አድርጎ እንደሚያስብ የኢኮኖሚክስ ሊቁ ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ በሰፊው አሳይቷል። እ.ኤ.አ በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚህ ዓይነቱ የሰው የገንዘብ ባሕርይ ላይ በሠራው ሥራ ነው። የእኛ ተማሪ ደብተር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ምግብ በሦስት ስም ተበታትኖ ተጽፏል፤ ስለዚህ የትኛውም መስመር ብቻውን ሲታይ የሚያስደነግጥ አይመስልም።

አዲስ መዝገብ እንድትይዝ ጠየቅኳት። ምን እንደገዛችና በስንት እንደገዛች ብቻ መጻፉን ትታ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደገዛች እና ከዚያ በፊት መጨረሻ የበላችው መቼ እንደሆነ እንድትጨምር። ትንሽ አሰልቺ ነው፤ ስልኳ ላይ ነው የያዘችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከኪሷ ለምግብ ከምታወጣው ከግማሽ በላይ የሚወጣው ካፌው ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ያውም በላብ ቀናት። ለምሳ ምንም ማለት ይቻላል አታወጣም። በላብ ማግስት ደግሞ ማታ አምሽታ ስለምትተኛ ቁርስ ያልፋታል፣ ያኔ የጠዋቱ ብስኩት ይመጣል። ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ምንም ሳትበላ ስለምትቆይ ማታ ስትወጣ የምታዘው የተራበ ሰው የሚያዘውን ነው፤ ርካሹን ለመምረጥ የሚያስችል ትዕግሥት አይኖራትም፣ ክፍት ሆኖ የሚያገኙት ቤትም ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የእኔ አቋም የሚጀምረው። የዶርም ተማሪ የምግብ በጀት የሚፈርሰው በአንድ የታወቀ ሰዓት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ሰዓት ሳይታወቅ «በቀን ይህን ያህል» ብሎ መወሰን ጥቅም የለውም፤ ቀኑ በሙሉ እኩል አይርብማ።

ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ምግብ

ስለ ካርዱ ስንነጋገር አንድ የተናገረችው ነገር አስገረመኝ። «ካፌ ሄጄ ብበላ ምን አተርፋለሁ? እሱ እንደሆነ ተከፍሏል» አለች። ሐሳቧ ለመረዳት አይከብድም። የሴሚስተሩ ክፍያ ከወጣ ቆይቷል፣ ተመልሶ አይመጣም፤ ካፌ በላችም አልበላችም ያ ገንዘብ የለም። ግን መደምደሚያው ተገላቢጦሽ ነው። የካርዱ ክፍያ አንድ ጊዜ ካለፈ ካፌ የሚበላው ቁርስ ዛሬ ከኪሷ ምንም አያስወጣትም፤ ካፌውን ዘላ የምትገዛው ብስኩት ግን ያስወጣታል። በዘለለችው ቁርስ ቁጥር ለአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ትከፍላለች ማለት ነው።

ቁርስ ላይ ችግሩ እንቅልፍ ስለነበር ምክር ብዙም አልሠራም። የሠራው ሌላ ነገር ነው። ክፍሏ ውስጥ ከሚኖሩት አንዷ ቁርስ አያልፋትም፤ ከእሷ ጋር አብረው ለመሄድ ተስማሙ። ጠዋት ስትነሳ ትቀሰቅሳታለች። ይኸው ነው።

የዕዳው ዙር

ቀጥሎ የወጣው ጉዳይ ከሁሉም የከፋ ነበር፣ ደብተሩ ውስጥም ጭራሽ አልተጻፈም። ወር ሲገባ ገንዘቡ በደረሰ በዚያው ቀን ያለፈውን ወር ብድር ትከፍላለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ የሰው ገንዘብ ይዛ መቆየት አትወድም። ግን ከፍላ ስትጨርስ በእጇ የሚቀረው ከወሩ ገንዘብ ሩቡን ያህል ጎድሎ ነው። በጀቱ ግን የተሠራው በሙሉው ነው። እንግዲህ ወሩ በጀመረበት ቀን በጀቱ ፈርሷል፤ እሷ ግን የምታውቀው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የሳምንታት ችግር ያመጣው ብድር ለቀጣዩ ወር ችግር ዘር ይሆናል።

በዚያ ላይ የወሩ መጀመሪያ ቀናት በሙሉ ዶርሙ ውስጥ ለሁሉም የደህና ቀናት ናቸው። የሁሉም ገንዘብ በተቀራረበ ቀን ስለሚደርስ «እንውጣ» የሚለው ይበዛል። በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ላይ ደህና በልቶ መጨረሻ ላይ መቸገሩ የእሷ ብቻ ጠባይ አይደለም። ተመራማሪው ጄሲ ሻፒሮ እ.ኤ.አ በ2005 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ የመንግሥት የምግብ ድጎማ በወር አንድ ጊዜ የሚቀበሉ ሰዎችን አጥንቶ፣ የሚመገቡት ካሎሪ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ትልልቅ ሰዎች እንኳ እንዲህ ከሆኑ፣ ገንዘብ በራሷ መያዝ በቅርቡ የጀመረችን ልጅ «ጠንክሪ» ማለት ብቻውን ተገቢ አይመስለኝም። የገንዘቡን አመጣጥ መለወጥ ይሻላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያደረግነው ዕዳውን መዘርጋት ነው። ያበደሯትን ልጆች አነጋግራ በአንድ ቀን ይከፈል የነበረውን በሁለት ወር ከፋፍላ ልትከፍል ተስማሙ። ይህን መጠየቅ በጣም አሳፍሯት ነበር። አንዳቸውም ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም አንዷ እሷም ተመሳሳይ ዕዳ እንዳለባት ነገረቻት።

ቀጥሎ ታላቅ እህቷን ጠየቀች። ገንዘቡን የምትልክላት እሷ ናት። በየሳምንቱ እንድትልክ ነበር ሐሳባችን፣ ግን የመላኪያው ክፍያ በእያንዳንዱ ጊዜ ስለሚቆረጥ በሳምንት መላኩ አያዋጣም ሆነ። በወር ሁለት ጊዜ እንዲሆን ተስማሙ። ፍጹም አይደለም፤ ግን አንድ ረጅም ወር ሁለት አጫጭር ወሮች ሆነ፣ ስህተት ቢፈጠር የሚቆየው ለቀናት ብቻ ነው።

ወር አራት ሳምንት አይደለም

ብዙ ተማሪ በሳምንት በጀት ለመያዝ ሲያስብ ገንዘቡን ለአራት ይከፍላል። አራት ሳምንት 28 ቀን ነው። በ30 ቀን ወር ሁለት ቀን፣ በ31 ቀን ወር ሦስት ቀን ያለ ምንም ገንዘብ ይቀራሉ፣ እነሱም ሁልጊዜ ከመጨረሻ ናቸው። እኛ እነዚህን የጭራ ቀናት ከመጀመሪያ ሸፈንናቸው። የወሩ የመጀመሪያው ገንዘብ በደረሰ ቀን፣ ከማንኛውም ነገር በፊት፣ የወሩ መጨረሻ ቀናት ምግብ ይገዛል። የማይበላሽ ደረቅ ነገር ብቻ፦ ሩዝ፣ ምስር፣ አጃ፣ ኦቾሎኒ። ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ይቆለፋል። ከዚያ የቀረው የወሩ ገንዘብ ለአራት ሳምንት ይካፈላል።

በወሩ መጀመሪያ ቀን የወሩን መጨረሻ መግዛት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን እጅ ላይ ገንዘብ የሚኖረው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ የጅምላ ግዢ ነገር ተነሳ። እሷ በብዛት መግዛት ሁልጊዜ ይረክሳል ብላ ታምናለች። ለደረቅ እህል እውነት ነው፤ ዋጋውን ለኪሎው አካፍሎ ማወዳደር ጥሩ ልማድ ነው። ለአትክልት፣ ለዳቦ፣ ለወተት ግን ዶርም ውስጥ አይሠራም። ቦታ የለም፣ ፍሪጁ የጋራ ነው፣ ግማሹ ይበላሻል ወይም ይጠፋል። የገዙት ኪሎ ግማሹ ከተጣለ የበሉት ኪሎ ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ደረቁን በብዛት፣ እርጥቡን በትንሽ በትንሹ እንድትገዛ ተስማማን። ከዚህ በላይ ስለ ግዢ ብዙም አልተነጋገርንም፤ ገንዘቧ የሚፈስሰው እዚያ አልነበረም።

የማታው ሰዓት

ዋናው ጥያቄ የላብ ቀን እራት ነበር። ሁለት መንገድ ሞከረች።

አንደኛው ካፌውን መጠየቅ ነው። ምግብ ከካፌ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ ሰው በብዛት እየወሰደ ያባክናል በሚል። የትምህርት ፕሮግራሟን ይዛ ኃላፊውን ብታነጋግር መጀመሪያ አልተሳካም፤ ለአንድ ሰው ሕግ አይለወጥም ተባለች። ነገሩ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ታውቅ ስለነበር ላቡን አብረዋት ከሚወስዱት ልጆች ጋር ሆነው ከላቡ መምህር ደብዳቤ አጻፉና ተመለሱ። በሁለተኛው ተፈቀደላቸው፤ በላብ ቀን ከምሳ ሰዓት በፊት ስማቸውን ካስመዘገቡ እራታቸው በዕቃ ተደርጎ ይቀመጥላቸዋል። ከሁሉም እርምጃ ብዙ ገንዘብ ያዳነላት ይህ ነው፣ የጠየቀውም አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። የተከፈለበት ምግብ ሰዓቱ ስላልገጠመ ብቻ ለተማሪው ሳይደርስ ከቀረ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብቻውን ከሚጠይቅ ሰው ይልቅ የተሰበሰቡ ልጆች ቶሎ ይሰማሉ።

ሁለተኛው ራሳቸው ማብሰል ነው፣ በተለይ ለቅዳሜና እሁድ ማታ። እሷና ሁለት የክፍሏ ልጆች በሳምንት ሁለት ጊዜ በጋራው ኩሽና ማብሰል ጀመሩ። ምርጫቸው ምስርና ሩዝ፣ እንቁላልም አብሮ። ምስር የተመረጠው በጣዕም ብቻ አይደለም። ሳይዘፈዘፍ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይበስላል፣ ምድጃውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ባለበት ኩሽና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀይ ቦሎቄ ቢሆን ኖሮ ለሰዓታት መዘፍዘፍ፣ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ በደንብ ማፍላት ይጠይቃል፤ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለ፣ አንድ እንቁላል ውስጥ ደግሞ ወደ 6 ግራም። ሩዝ ሲበስል መጠኑ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ትንሿ ዕቃ ሦስት ሰው ታጠግባለች።

ስለ ተረፈ ምግብ አንድ ነገር አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ። የበሰለ ሩዝ ማታውን ጠረጴዛ ላይ አድሮ ጠዋት አይበላም። ሩዝ ውስጥ የሚገኝ አንድ ባክቴሪያ ዘሩ በማብሰል አይሞትም፤ ምግቡ ሞቅ ባለ ቦታ ሲቆይ ይራባል፣ የሚያመነጨውም መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ መቆየት የለበትም። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፣ እዚያም ቢሆን የተረፈው ምግብ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ መበላት አለበት። ምግብ ለማዳን ተብሎ አንድ ሰው ሆዱን ቢታመም፣ የሚጠፋው የትምህርት ቀንና የመድኃኒት ወጪ ከዳነው ምግብ ይበልጣል። ዕቃቸው ላይ ስምና ቀን መለጠፍ ጀመሩ። ለጤና ብለው የጀመሩት ነው፣ ግን ከፍሪጁ የሚጠፋውንም ቀነሰው።

የጋራው ድስት ሊሰበር ነበር

ሦስቱ መጀመሪያ የተስማሙት እኩል አዋጥተው እኩል ሊበሉ ነው። ወር አልቆየም። አንዷ ቅዳሜና እሁድ ዘመድ ቤት ትሄዳለች፤ «የማልኖርበትን ቀን ለምን እከፍላለሁ?» አለች፣ ልክ ናት። ሌላዋ ድስቱን ማጠብ ሁልጊዜ በእሷ ላይ ስለሚወድቅ ተቀይማለች፣ ግን አልተናገረችም፤ ዝም ብላ መምጣት አቆመች። የእኛዋ ደግሞ ሂሳቡን የምትይዘው እሷ ስለሆነች ገንዘብ እየጠየቁ መኖር ሰለቻት። ጓደኝነቱም ሊሄድ ነበር።

ብዙ የጋራ ማብሰል የሚፈርሰው እዚህ ነው፣ ምግቡ ስለማይጣፍጥም አይደለም። እኩልነት ቀላል ስለሚመስል ሰው ይመርጠዋል፤ የተለያየ ሰዓትና የተለያየ ሆድ ያላቸው ሰዎች ላይ ግን ቶሎ ቂም ያመጣል። የደረሱበት መፍትሔ ይህ ነው፦ በጋራ የሚገዛው ዘይት፣ ጨው፣ ሽንኩርትና የመሳሰለው ብቻ ይሆናል። ለየእያንዳንዱ የማብሰያ ቀን ማን እንዳለ ቀድሞ ይታወቃል፤ ያለ ሰው ብቻ ለዚያ ድስት ያዋጣል። ያበሰለ አያጥብም። ገንዘብ ያጠረው ሳምንት ላይ ያለ ሰው ደግሞ በገንዘቡ ፋንታ ሁለት ቀን ማብሰሉን ይወስዳል። ይህን የመጨረሻውን እነሱ ራሳቸው ነው ያሰቡት፣ በጣም ወደድኩት፤ ለሚያፍር ልጅ ብድር ከመጠየቅ ይቀላልና።

ከልጆች ጋር መውጣቱ

ብዙ መካሪ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንን ነው። እኔ እንዳትቆርጠው ነገርኳት። ዶርም ውስጥ ከሰው ጋር መብላት ወዳጅነት የሚጠበቅበት መንገድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚቀር ሰው ብቻውን ይቀራል፣ ብቻውን የቀረ ደግሞ በጀቱን ረጅም ጊዜ አይጠብቅም። በሳምንት አንድ መውጫ፣ ቀኑን እሷ የምትመርጠው፣ ገንዘቡ ቀድሞ የተቀመጠ። በሌሎቹ ቀናት አብራቸው ትሄዳለች ግን በልታ ነው የምትሄደው። በልቶ የሄደ ሰው ትንሽ ነገር አዝዞ ሲጫወት ያመሻል።

ምን ተገኘ

በመጀመሪያው ወር አሁንም ጎደለባት። የፈተና ሳምንት ነበር። ሌሊቱ ረዘመ፣ ካፌው ግን በሰዓቱ ይዘጋል፤ ያ የማታው ክፍተት በየቀኑ ሆነ። ብድሩ ከበፊቱ ያነሰ ነበር፣ ግን ተበድራለች። ከዚያ ወዲህ የፈተና ሳምንት በሚወድቅበት ወር ከመጀመሪያው ግዢ ላይ ለሌሊት የሚሆን ነገር ትጨምራለች፦ ቀቅላ የምትበላው እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ሙዝ። በሁለተኛው ወር ሳትበደር ወሩን ጨረሰች፤ ያለፈውን ዕዳም በዚያው ከፍላ ዘጋች። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት አንዴ ብቻ ነው የተበደረችው፣ እሱም ለኮፒ።

ያልተፈታም አለ። ሴሚስተር ሲዘጋ ካፌው ይዘጋል፣ ዶርሙ ግን ክፍት ነው፤ ቤቷ ሩቅ ስለሆነ ሁልጊዜ አትሄድም። እነዚያ ቀናት በካርዱ አይሸፈኑም፣ በወሩ በጀትም ውስጥ አልነበሩም። አሁን ከየሁለት ሳምንቱ ገንዘብ ትንሽ ትንሽ እያስቀረች ነው፤ ይበቃት እንደሆነ የሚታወቀው ሲደርስ ነው።

ሌላው የካርዱ ምርጫ ነው። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሙሉውን ካርድ ወይም ምሳና እራት ብቻ የሚያበላውን አነስ ያለ ካርድ መምረጥ ትችላለች። ሙሉው ካርድ ዋጋው በሚሰጠው ምግብ ብዛት ሲካፈል ርካሽ ይመስላል። እሷ ግን የምታካፍለው በእርግጥ በምትበላው ብዛት ነው፤ ለዚህም ከዚህ ወር ጀምሮ ካርዷን ባስመታች ቁጥር ስልኳ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ቁርስን ስንት ጠዋት በእርግጥ እንደበላች ቆጥራ ትወስናለች።